«የለባትም» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

የሌሊት_ሺፍት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

ሰላም ቤቶች። እንግሊዝኛውንም በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው፤ ኪቦርድ መቀያየር ሰልችቶኛል። እናንተም እንደዚያው ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል።

ሜሪላንድ ነኝ። የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት አሉ፣ ሰማንያን ያለፉ። ጠዋት የደም ምርመራ ስለነበራቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ ታዟል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ልጃቸው ወደ ሥራ ስትሄድ ብቅ አለች። በእጇ እርጎና ሙዝ ይዛለች። «እማዬ ቁርስ በላች?» አለችኝ። በልቤ «አይ፣ መብላት የለባቸውም» ነው ያልኩት። አፌ ላይ የመጣው «ኖ፣ ሺ ዳዝንት ሃቭ ቱ ኢት» ነው። ልጅቱ ፈገግ ብላ «ኦኬ» አለችኝ። ተግባብተናል ብዬ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍኩ።

ስመለስ የእርጎው ዕቃ ባዶውን ተቀምጧል። የሙዙ ልጣጭ ሶፍት ላይ ተጣጥፏል። እናትየው አፋቸውን እየጠረጉ ነው።

ምርመራው ተሰረዘ። ሱፐርቫይዘሯ ጠራችኝ። «ዳዝንት ሃቭ ቱ ኢት ነው ያልሻት?» አለችኝ። «የስ! አይ ቶልድ ሃር!» አልኩ በልበ ሙሉነት። ግንባሯን ይዛ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ምስክር ሆነችልኝ ብዬ ደስ ብሎኛል። ለካ ራሴን እያስመሰከርኩ ነው።

አሁን ጥያቄዬ ይኸው። «ማስት» ግዴታ ነው ተብለናል። «ሃቭ ቱ»ም ግዴታ ነው ተብለናል። ታዲያ ሁለቱም ግዴታ ከሆኑ፣ «ኖት» ሲገባባቸው ለምን ይለያያሉ?

ሌላም አለኝ። ሥራ ቦታ «አይ ሪሊ ዶንት ላይክ ኢት» እና «አይ ዶንት ሪሊ ላይክ ኢት» ሲሉ እሰማለሁ። አንድ አይደሉም እንዴ?

ቺክቻክ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡32

እህቴ፣ «የስ አይ ቶልድ ሃር» ላይ ሻዬን ነው የተፋሁት 😂

ግን እውነቱን ልንገርሽ? ብዙ አትጨነቂ። ሰው ከፊትሽ ይረዳሻል። እኔ 11 ዓመት ዳላስ ኖሬ ግራመር የሚባል ነገር ኪሴ ውስጥ የለም፤ ሁለት ቤት ገዝቻለሁ።

ጠመኔ_በእጁ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 5፡15

አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ማስተማር ከጀመርኩ 22 ዓመቴ ነው። ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም፣ የእኛም የመምህራኑ ነው። ሰሌዳው ላይ «ካን = መቻል፣ ሹድ = ይገባል፣ ማስት = ግዴታ» ብለን እንጽፋለን፤ ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል። «ኖት» ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሳንነግራችሁ ክፍሉ ይበተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። «መብላት የለባትም» የሚለው አማርኛ ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው ክልከላ ነው፤ ከበላች ጉድ ይፈላል። ሁለተኛው ግዴታው ተነሥቷል ማለት ነው፤ ካሻት ትብላ፣ ካላሻት ትተው። «ገና ሁለት ወር አለህ፣ አሁን መክፈል የለብህም» ስንል ክፍያውን እየከለከልን አይደለም። «ለሌባ መክፈል የለብህም» ስንል ግን እየከለከልን ነው። አማርኛው ያው ነው። እኛ ከነገሩ ሁኔታ፣ ከድምፁ፣ ከፊቱ እንለየዋለን።

እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሁለት ቤት ሠርቷል። «ማስት ኖት» ስትዪ ግዴታው ይቆያል፤ «አለመብላት» ግዴታ ይሆናል። «ዶንት ሃቭ ቱ» ስትዪ የሚፈርሰው ራሱ ግዴታው ነው። አንቺ ለልጅቱ የነገርሻት «ግዴታ የለባቸውም፣ እንደፈለጉ» ብለሽ ነው። እሷም እንደፈለጉ አበላቻቸው። የሰማችውን ነው ያደረገችው።

መፍትሔ? እንግሊዝኛውን ከማውጣትሽ በፊት አማርኛሽን ገልብጪው። «እንዳትበላ» ማለት ከቻልሽ «ማስት ኖት» ወይም «ካንት» ነው። «ባትበላም ግድ የለም» ማለት ከቻልሽ «ዳዝንት ሃቭ ቱ» ነው። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ደግሞ ሆስፒታልና መጦሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትሰሚው «ሺ ካንት ኢት» የሚለው ይሆናል። ሲነገር «ማስት ኖት» ትንሽ ጽሑፍ ጽሑፍ ይላል።

የ«ሪሊ»ውን ማታ እመለስበታለሁ። አሁን ክፍል አለብኝ።

ሙኒክ_ዳር | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡02

እዚህ ጀርመን ሳቁ በሌላ በኩል ነው። በጀርመንኛ «ሙስ» ማለት «ማስት» ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። «ሙስ ኒሽት» ግን «አያስፈልግም» ነው እንጂ ክልከላ አይደለም። ለክልከላ «ዳርፍ ኒሽት» ነው የሚሉት። ስለዚህ ጀርመኖቹ እንግሊዝኛ ሲናገሩ «ባትመጣም ግድ የለም» ለማለት «ዩ ማስት ኖት ካም» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ለልደቱ ስጦታ ስለመግዛት «ዩ ማስት ኖት ብሪንግ ኤኒቲንግ» ብሎ ቢጽፍልኝ ደነገጥኩ። ቤቱ ዕቃ ማስገባት የተከለከለ መሰለኝ።

እነሱ ልክ አንቺ በተሳሳትሽው ተቃራኒ ነው የሚሳሳቱት። አንድ ጀርመናዊና አንድ ሐበሻ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ታስቢዋለሽ?

ነታንያ_ቡና | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40

እኛ እስራኤል ያለነው በዚህ በኩል ተገላግለናል። «አሱር» ካሉህ ክልክል ነው፣ አበቃ። «ሎ ጻሪኽ» ካሉህ አያስፈልግም። ሁለቱ ቃላት አይመሳሰሉም፤ ስለዚህ አይምታቱም። እናቴ ዕብራይስጥ እንደ ነገሩ ነው የምትችለው፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አንድም ቀን ስታምታታ ሰምቼ አላውቅም።

ቺክቻክ | ማክሰኞ፣ ቀን 8፡05

እና አማርኛችን ደሃ ነው እያላችሁን ነው?

ጠመኔ_በእጁ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

የለም፣ ወንድሜ። ቁጠር እስቲ። «አትሂድ»፣ «እንዳትሄድ»፣ «መሄድ የለብህም»፣ «ባትሄድ ይሻላል»፣ «ባትሄድም ግድ የለም»፣ «መሄድ አያስፈልግህም»፣ «ባትሄድ ምን አለበት»። ይህ ሁሉ አለን። ችግሩ ትምህርት ቤት ከዚህ ሁሉ አንዷን፣ ያቺን ባለ ሁለት ፊቷን፣ መርጦ ከእንግሊዝኛው ጋር ማጋባቱ ነው።

አሁን «ሪሊ»። ሕጉ አጭር ነው። ትንሿ ቃል የምትነካው ከኋላዋ ያለውን ነው። «ሪሊ» ከ«ዶንት» በፊት ከመጣች አለመውደዱን ታጠነክረዋለች፤ «የምር አልወደውም»። ከ«ዶንት» በኋላ ከመጣች «ሪሊ ላይክ» የሚለው ነው የሚፈርሰው፤ «ያን ያህል አልወደውም»። ስለዚህ የአለቃሽን ምግብ ቀምሰሽ ስትጠየቂ ሁለተኛይቱን ያዢ።

«ጀስት»ም እንዲሁ ናት። «አይ ካንት ጀስት ሊቭ» ማለት «ዝም ብዬ መሄድማ አልችልም» ነው፤ ልሂድ ይሆናል፣ ግን ተናግሬ፣ ተሰናብቼ። «አይ ጀስት ካንት ሊቭ» ደግሞ «በቃ፣ መሄድ አቃተኝ» ነው። አማርኛው እንዴት ቁልጭ አድርጎ እንደለያቸው ተመልከቱ። «ዝም ብዬ» እና «በቃ»። ቺክቻክ፣ ይህንን ነው ደሃ ያልከው?

አንቺ ሥራ ላይ የምትፈልጊያት ደግሞ «ስቲል» ናት። «ሂ ስቲል ካንት ስሊፕ» ካልሽ ሰውየው እስካሁን እንቅልፍ እንቢ ብሎታል። «ሂ ካንት ስቲል ቢ ስሊፒንግ» ካልሽ «እስካሁን ተኝቶ ሊሆን አይችልም!» ነው። የመጀመሪያው «ካንት» አቅም ነው፤ ሁለተኛው ግምት። ለተረኛ ስታስረክቢ ቦታቸውን ብትለዋውጪ፣ አንዱ መድኃኒት ያስመጣል፣ ሌላው ሄዶ ማየት ያስፈልጋል ያሰኛል።

ታክሲ_ነበርኩ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡18

መምህር፣ ይህን ክር ከሦስት ዓመት በፊት ብትከፍቱልኝ ኖሮ!

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መኪና እየነዳሁ አንድ ልጅ ኳስ ተከትሎ መንገድ ገባ። መቆም ነበረብኝ፣ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው አልቆመም፣ ደረመሰኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። በማግስቱ ኢንሹራንሱ ደወለ፤ ድምፅ እየተቀዳ ነው ተባልኩ። «ምን ተፈጠረ?» ሲለኝ «መቆም ነበረብኝ» የሚለውን ይዤ «አይ ሹድ ሃቭ ስቶፕድ» አልኩት።

ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኛል። «ሶ ዩ ዲድንት ስቶፕ?» አለኝ።

«ኖ ኖ፣ አይ ስቶፕድ!»

«ግን አሁን ሹድ ሃቭ ብለሃል።»

«የስ! ሹድ ሃቭ!»

ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጄ አጠገቤ የቤት ሥራ እየሠራች ነበር። እርሳሷን ጥላ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሂ ሚንስ ሂ ሃድ ቱ ስቶፕ፣ ኤንድ ሂ ዲድ» አለችው። አንድ ዓረፍተ ነገር። ሰውየው «ኦህ» አለ፤ ኪቦርዱ እንደገና ተንጣጣ።

እስከዛሬ ልጄ ስታበሳጨኝ «ሹድ ሃቭ» ትለኛለች፣ እስቃለሁ።

የሌሊት_ሺፍት | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡41

ወይኔ ጉዴ! እኔም «ሹድ ሃቭ» እና «ሃድ ቱ» አንድ ይመስሉኝ ነበር። መምህር፣ እባክዎ ይህንንም።

ጠመኔ_በእጁ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

የታክሲው ታሪክ ከነገ ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ይነገራል፤ ይፈቀድልኝ።

«መቆም ነበረብኝ» ልክ እንደ «የለባትም» ባለ ሁለት ፊት ናት። «ልጁ ስለገባ መቆም ነበረብኝ» ስትል ቆመሃል። «ያኔ መቆም ነበረብኝ፣ ኧረ ምን ነካኝ!» ስትል አልቆምክም፣ እየተጸጸትክ ነው። እንግሊዝኛው የተደረገውን «ሃድ ቱ»፣ ያልተደረገውን «ሹድ ሃቭ» ይለዋል። ማጣሪያው እንዲህ ነው። ከኋላው «ስለዚህ አደረግኩት» ጨምርበት፤ ከሄደ «ሃድ ቱ» ነው። «ግን አላደረግኩትም» ጨምርበት፤ ከሄደ «ሹድ ሃቭ»።

«ኩድ» ላይም የሚመሳሰል ወጥመድ አለ። ተማሪዎቼ «ትናንት ፈተናውን ማለፍ ቻልኩ» ለማለት «የስተርደይ አይ ኩድ ፓስ ዘ ኤግዛም» ይሉኛል። አይሆንም። «ኩድ» ከ«ቻልኩ» ይልቅ ለ«እችል ነበር» ትቀርባለች። «ልጅ ሳለሁ ዋና እችል ነበር» ላይ «ኩድ» ልክ ናት። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ለተሳካ ነገር ግን «ዋዝ ኤብል ቱ» ወይም «ማኔጅድ ቱ» ነው። አሉታው ግን ነፃ ነው፤ «አይ ኩድንት ፓስ» ብትሉ ማንም አይቆጣም፣ ከወላጅ በቀር።

በነገራችን ላይ «ኩድ» ሲጻፍ መሃል ላይ የማይነበብ «ኤል» አለ አይደል? ጥንት አልነበረም። «ዉድ» እና «ሹድ» ከጥንትም ስለነበራቸው፣ ጸሐፊዎች ለማመሳሰል «ኩድ» ላይም ጨመሩበት። ተማሪ ሆኜ «ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ዝም ብለህ ሸምድድ» ነው የተባልኩት።

አትላንታ_ዳር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20

እኔ ደግሞ ጉዳቴ በጆሮ ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት ደውዬ ቀጠሮ ስይዝ «አይ ካን ካም ኦን መንደይ» አልኩ፤ «ካን»ን ጠበቅ አድርጌ፣ እንዲገባት ብዬ። ሰኞ ስሄድ ቀጠሮ የለም። ለካ «ካንት» ነው የሰማችው።

በኋላ አንድ ሰው አስረዳኝ። አሜሪካኖች «ካን» ሲሉ ውጠውት ነው፤ «አይ ክን ካም»። ክብደቱ ያለው «ካም» ላይ ነው። «ካንት» ሲሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ብዙ ጊዜ አያወጧትም፤ ቃሉን ጠበቅ በማድረግ ነው የሚያስታውቁት። ስለዚህ እኛ «ካን»ን ስናጠብቅ «ካንት» ብለን ነው የምናስወራው። አሁን ስልክ ላይ ከሆንኩ «የስ፣ መንደይ ኢዝ ጉድ» ብዬ እገላገላለሁ። መሸሽም መላ ነው።

ሌላ ነገር ልጠይቅ። ትምህርት ቤት «ዊል ካን» ብሎ የጻፈ ይገረፍ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሁለት ሞዳል (እንደ «ካን» እና «ዊል» ያለ ረዳት ግስ) አይደራረብም ተብሎ። እዚህ ጆርጂያ ግን ሽማግሌው ጎረቤቴ «አይ ማይት ኩድ ሄልፕ ዩ ሳተርደይ» ይሉኛል። ተሳስተው ነው?

ጠመኔ_በእጁ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡48

አልተሳሳቱም። በደቡባዊ አሜሪካ ያለ የአካባቢ አነጋገር ነው፤ ስኮትላንድም ይሰማል። «ምናልባት ልችል እችላለሁ» እንደማለት ነው፤ የጨዋ ሰው ቃል ነው፣ ቁርጥ ያለ ተስፋ አይሰጥም። አንተ ግን ፈተና ላይ እንዳትጽፈው። (ይህ «ማስት ኖት» ነው።) ትምህርት ቤት በ«ዊል ካን» ፈንታ «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ነው የሚፈልገው።

ፑል_ሪኩዌስት | ረቡዕ፣ ማታ 1፡12

እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ለውጭ ደንበኛ እሠራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ እኛ ሙያ ውስጥ ይህ ጭቅጭቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 በጽሑፍ ተዘግቷል። አር ኤፍ ሲ 2119 የሚባል አጭር ሰነድ አለ፤ የኢንተርኔት ደንቦች ሲጻፉ «ማስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» ምን ማለት እንደሆኑ ይደነግጋል። «ማስት» የማይታለፍ ነው። «ማስት ኖት» ፍጹም ክልክል ነው። «ሹድ» ማለት በቂ ምክንያት ካለህ ልትተወው ትችላለህ፣ ግን መዘዙን አስበህ። «ሜይ» ምርጫህ ነው። ተራ ቃል እንዳይመስሉ በትልልቅ ፊደል ነው የሚጽፏቸው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ «ሹድ» ስንል ምን ማለታችን ነው ብለው ሰነድ ካስፈለጋቸው፣ እኛ ብንደናገር ምን ይደንቃል?

ሁለተኛ፣ ኑዛዜ። ሥራ በጀመርኩ በወሩ ለደንበኛው «ዩ ሃድ ቤተር ሴንድ አስ ዘ ፋይል ቱዴይ» ብዬ ኢሜይል ላክሁ። በልቤ «ፋይሉን ዛሬ ብትልኩልን ይሻላል» ነው። በትሕትና! መልሱ በሁለት ቀኑ መጣ፤ ብርድ ብርድ ይላል። ፋይሉ ተያይዟል፣ ሰላምታ የለም። አለቃዬ አንብቦ «ያስፈራራኸው እኮ ነው» አለኝ።

ነታንያ_ቡና | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ኧረ አማርኛውም ያስፈራራል! አባቴ «ዝም ብትል ይሻልሃል» ሲለኝ ምክር እየሰጠኝ መስሎሃል?

ፑል_ሪኩዌስት | ረቡዕ፣ ማታ 1፡34

😂😂 እውነትህን ነው። «ይሻላል» እና «ይሻልሃል» መካከል ያለችው «ሃ» ናት ጉዷ። «ሃድ ቤተር» «ይሻልሃል» ናት። እኔ «ይሻላል» መስላኝ።

ጠመኔ_በእጁ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

ይህ ክር ከእኔ ክፍል ይበልጣል፤ ደመወዙንም ለእናንተ ልስጥ መሰለኝ።

የኢሜይሉ ነገር አንድ ሐሳብ አመጣብኝ። እኛ ትሕትናችንን የምናስቀምጠው የት ነው? «አንተ»ን «እርስዎ» እናደርጋለን፣ ግሱን እናበዛለን፤ «ላክልን» «ይላኩልን» ይሆናል። አንዴ «እርስዎ» ካልን በኋላ ቀጥታ ብናዝዝም ጨዋ ነን። «ይቀመጡ» ትእዛዝ ነው፤ ግን ማን ይቀየማል? እንግሊዝኛ ይህ የለውም። ድሮ «ዛው» ለአንተ፣ «ዩ» ለእርስዎ እያለ ይለይ ነበር፤ «ዛው» ከዕለት ንግግር ወጣችና ሁሉም «ዩ» ሆነ። ስለዚህ አንቱታው የተሰደደው ወደ ሞዳሎቹ ነው። «ሴንድ ኢት» አንተ ነው። «ካን ዩ ሴንድ ኢት» ጎረቤት ነው። «ኩድ ዩ ሴንድ ኢት» እርስዎ ነው። «ኩድ ዩ ፖሲብሊ ሴንድ ኢት» ከመቀመጫ ብድግ ብሎ ነው።

ሐበሻ እንግሊዝኛ ሲናገር ደረቅ ነው የሚባለው በዚህ ይመስለኛል። «ፕሊዝ» ጨምረናል፣ ጨርሰናል ብለን እናስባለን። «ፕሊዝ ሴንድ ዘ ፋይል» ግን «እባክህ ላክ» ናት፤ እባክህ አለች እንጂ አንተታው አልተነሣም።

የሌሊት_ሺፍት | ረቡዕ፣ ማታ 2፡52

መምህር፣ ይህቺን ወረቀት ላይ ጽፌ ሎከሬ ውስጥ ለጠፍኩ። የምሬን።

«ፕሮባብሊ»ስ? ትናንት «አይ ዊል ፕሮባብሊ ኖት ካም» ብዬ ጓደኛዬ አረመችኝ። ስህተት ነው?

ጠመኔ_በእጁ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ስህተት አይደለም፤ ጓደኛሽ ጥብቅ ሆናብሻለች። ግን ሰው ሲያወራ የሚቀናው «አይ ፕሮባብሊ ዎንት ካም» ነው። በአዎንታው «ፕሮባብሊ» ከ«ዊል» ኋላ ትቆማለች፤ «ዎንት»፣ «ካንት»፣ «ዲድንት» ሲመጣ ቀድማ ትገባለች። ሌላ ምሥጢር የላትም።

የእኛው ግን ይገርማል። «ሳልመጣ አልቀርም» እንላለን፤ ሁለት አሉታ ተጋጭተው «እመጣለሁ መሰለኝ» ይሆናል። አንድ ተማሪዬ ቃል በቃል ወስዶ «አይ ዊል ኖት ሪሜይን ዊዛውት ካሚንግ» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን ስህተት ብዬ አረምኩበት፣ ጎኑ ላይ ግን «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ያንን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ።

ተጠንቀቂያት የምልሽ ሌላ ናት፦ «ሃርድሊ»። «ጠንክሬ እሠራለሁ» «አይ ወርክ ሃርድ» ነው። «ሊ» ጨምረሽ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ካልሽ «እምብዛም አልሠራም» ብለሽ ለአለቃሽ ተናዘዝሽ።

ቺክቻክ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡44

እሺ፣ እኔም ልናዘዝ። ሁለት ቤት ገዛሁ ብዬ ጎርሬአለሁ አይደል? የመጀመሪያው ቤት ውል ላይ ደላላዬ «ዩ ሜይ ዊሽ ቱ ጌት አን ኢንስፔክሽን» አለኝ። «ሜይ» ምርጫ ነው፣ «ዊሽ» ምኞት ነው ብዬ አለፍኩት። ጣሪያው በመጀመሪያው ዝናብ አፈሰሰ። ለካ በእነሱ ቋንቋ «ሜይ ዊሽ ቱ» ማለት «አስመርምር፣ ኋላ እንዳትወቅሰኝ» ነው።

ስለዚህ ሰው ይረዳሻል ያልኩትን አንሥቻለሁ። እኔ ሰውን አልተረዳሁትም።

አትላንታ_ዳር | ረቡዕ፣ ማታ 4፡01

ቺክቻክ፣ ዩ ሹድ ሃቭ!

ታክሲ_ነበርኩ | ረቡዕ፣ ማታ 4፡03

😂 ልጄን ልጥራልህ?

ሙኒክ_ዳር | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

ከመዘጋቱ በፊት አንድ የምወዳትን ላካፍል። «ማይት አዝ ዌል» የምትባለዋን ስንት ዓመት አልገባችኝም። «ሜይ» አውቃለሁ፣ «ዌል» አውቃለሁ፣ ሲገጣጠሙ ይጠፉብኛል። አንድ ቀን ባቡር አምልጦን፣ ቀጣዩ ከ40 ደቂቃ በኋላ፣ አብራኝ ያለችው ልጅ «ዊ ማይት አዝ ዌል ሃቭ ኮፊ» አለች። ወዲያው በአማርኛ ሰማሁት፤ «ባቡሩ ካመለጠን አይቀር ቡና እንጠጣ»። ያቺ «አይቀር» ናት! ፍላጎቱ ብዙ አይደለም፤ ሌላ የተሻለ ስለሌለ ነው። «ሜይ ዌል» ደግሞ ሌላ ናት፤ «ሂ ሜይ ዌል ካም» ማለት የመምጣቱ ነገር ሚዛን ይደፋል ማለት ነው።

የሌሊት_ሺፍት | ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡25

ከሥራ አሁን መግባቴ ነው። ዛሬ ምርመራው በድጋሚ ነበር። ልጅቱ በ12 ሰዓት መጣች፣ ያው እርጎዋን ይዛ። አየችኝ፣ አየኋት። «እንዳትበላ» ወይስ «ባትበላም ግድ የለም» ብዬ በልቤ አጣራሁና «ሺ ካንት ኢት ኤኒቲንግ የት፣ ኖት አንቲል አፍተር ዘ ብለድ ቴስት» አልኳት። እርጎውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች። ደሙ ተቀዳ።

ከዚያ ወደ በሩ ስትሄድ ዞር ብላ «ዩ ሪሊ ዲድንት ሃቭ ቱ ፊል ባድ አባውት ላስት ታይም» አለችኝ። ቆሜ አሰብኩ። «ሪሊ» ከ«ዲድንት» በፊት ነው። «ሃቭ ቱ» ነው፣ «ማስት ኖት» አይደለም። «የምር፣ ማዘን አያስፈልግሽም ነበር» ማለቷ ነው። አይደለም እንዴ መምህር?

ጠመኔ_በእጁ | ሐሙስ፣ ቀን 6፡15

ነው።